ርቀትን በሰዓት መለካት፦ ከአየር ጤና ወጥቶ በወንጪ ዞሮ በአስኮ የሚመለስ የገጠር ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች ክፍት ሆኖ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የአርትዖት ሥራ ተደርጎበታል።



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ከትምህርት ይልቅ ለመዝናኛ የቀረበ ሊመስል ይችላል። ሽርሽር ምን ዕቅድ ያሻዋል፣ መኪና አስነሥቶ መሄድ አይደለም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ አስብ ነበር። ያን አስተሳሰቤን የለወጠውን ምሽት ወደ ንግግሬ አጋማሽ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለምንኖርበት አካባቢ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ።

እኛ የኮልፌ ቀራኒዮ ነዋሪዎች በሁለት በሮች መካከል ነው የምንኖረው። በደቡብ በኩል አየር ጤና አለ፤ ከዚያ የሚነሣው መንገድ በካራ ቆሬ፣ በዓለም ገናና በሰበታ አልፎ ወደ ጅማ ይዘልቃል። በሰሜን በኩል አስኮ አለ፤ ከዚያ የሚነሣው መንገድ በቡራዩ፣ በመናገሻና በሆለታ አልፎ ወደ አምቦና ወደ ወለጋ ይሄዳል። በሁለቱ መንገዶች መካከል የወጨጫ ተራራ ቆሟል። ብዙዎቻችን ሁለቱን መንገዶች የምናውቃቸው እንደማይገናኙ ሁለት ጣቶች ነው። ነገር ግን ከተማይቱን ለቀን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዝን በኋላ አንድ ሌላ መንገድ ያገናኛቸዋል፤ ይኸውም ከወሊሶ ተነሥቶ የወንጪን ተራራ እየታከከ ወደ አምቦ የሚወርደው ነው። እንግዲህ በአንዱ በር ወጥቶ፣ አንድም ኪሎ ሜትር ሳይደግሙ፣ በሌላው በር መግባት ይቻላል ማለት ነው። ዙሪያው በጠቅላላው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ዛሬ ይህን ዙሪያ እንደ ምሳሌ ወስጄ የማስረዳው ሐሳብ አንድ ነው። የገጠር ጉዞ ዕቅድ የሚበላሸው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን በሰዓት ስሌቱ ነው። ስሌቱ የተበላሸበት ጉዞ ደግሞ ዕዳውን የሚያስከፍለው ተጓዡን ብቻ አይደለም፤ ከሁሉ በፊት የሚከፍለው በመንገዱ ዳር የሚሄደው እግረኛ ነው።

የመንገዱ መልክ

አስቀድመን የምናልፍበትን አገር እንወቅ። የማያውቁትን አገር የሚያቋርጥ ሰው የሚቆምበትን ስለማያውቅ መፍጠን ብቻ ነው የሚቀረው።

ከሰበታ ወጥተን ተፍኪን ስናልፍ የበቾ ሜዳ ይዘረጋል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ውሃ ይተኛበታል፤ አዋሽም ሲሞላ ወደ ሜዳው ይወጣል። ውሃው ሲሸሽ ገበሬው በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የጤፉም አገር ይኸው ነው። ቱሉ ቦሎን አልፈን ወሊሶ ስንደርስ መልኩ ይለወጣል፤ በየቤቱ ጓሮ እንሰት መታየት ይጀምራል። ወሊሶ በፍልውሃዋ የታወቀች፣ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ሰሜን ታጥፈን ሽቅብ ስንወጣ እንሰቱ ከገብስና ከድንች ማሳ ጋር እየተቀላቀለ ወደ ደጋው ያደርሰናል።

ወንጪ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,400 ሜትር ይጠጋል። በሐይቁ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የወንጪ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል፤ በአገራችንም «ገበታ ለሀገር» ከተሰኘው ፕሮጀክት መዳረሻዎች አንዷ ሆና ለምታለች። ከወንጪ በስተምሥራቅ ደግሞ ሌላው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው ደንዲ ይገኛል።

የሥነ ምድር ተማሪዎች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ይህ የወንጪና የደንዲ ከፍታ ውሃ የሚከፋፈልበት ነው። የወንጪ ውሃ በዋልጋ ወንዝ ወደ ግቤ፣ ከዚያም በኦሞ አድርጎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። የደንዲ ውሃ በሁሉቃ በኩል በአምቦ አልፎ ወደ ጉደር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይገባል፤ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ባሕር ነው። አዋሽ ደግሞ ከጊንጪ በስተደቡብ ካሉት ከፍታዎች ተነሥቶ፣ የበቾን ሜዳ አቋርጦ፣ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ ይህን ዙሪያ የሚጓዝ ሰው በ300 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሦስት ታላላቅ ተፋሰሶችን ይረግጣል። በአገራችን እንዲህ ያለውን ትምህርት ከቤት ሳይርቁ የሚያገኙበት ቦታ ብዙ አይደለም።

አምቦ ማዕድን ውሃዋ ስሟን ከአገር አገር ያዞረላት ከተማ ናት። ከአምቦ ወደ ምሥራቅ ስንመለስ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምንና ሆለታን እናገኛለን። አዲስ ዓለም ላይ ትንሽ ልቁም። ዳግማዊ ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ተመንጥሮ የማገዶ እንጨት ባጠረ ጊዜ፣ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድም በአገራችን በዘመናዊ መልክ ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ነው። ከተማይቱን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ እንደሆነ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በእንግሊዛዊው ቤንትሊ ተነድታ አዲስ አበባ የገባችው ግን በ1900 ዓ.ም ነው። ከአስኮ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ፣ እንግዲህ፣ መኪናን ቀድሞታል። በመጀመሪያ የተሠራው ለእግረኛ፣ ለበቅሎና ለጋሪ ነው፤ መኪናው በኋላ የመጣ እንግዳ ነው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የሰዓት ሒሳብ

አሁን ወደ ሒሳቡ እንሂድ። አብዛኛው ሰው 300 ኪሎ ሜትር ሲባል በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብሎ ያካፍልና 5 ሰዓት ያገኛል። ጠዋት ወጥቼ፣ ሐይቁን አይቼ፣ ማታ እመለሳለሁ ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ ላይ አማካይ ፍጥነት 60 አይሆንም። ከአየር ጤና እስከ ሰበታ የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና ታክሲው አለ። በየከተማው ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ከወሊሶ ወደ ወንጪ ያለው ዳገትና ጥምዝ ነው፤ የወሊሶና የአምቦ መንገድ ለረጅም ዘመን የጠጠር ፒስታ ሆኖ የኖረ ነውና ከጉዞው በፊት የወቅቱን ይዞታ መጠየቅ ይገባል። በእኔ ልምድ በዚህ ዙሪያ ላይ አማካዩ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን መልካም ነው።

እንግዲህ በየምዕራፉ እንቁጠር። ከአየር ጤና ወሊሶ 3 ሰዓት። ከወሊሶ ወንጪ 1 ሰዓት ተኩል። ወደ ሐይቁ ወርዶ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ተመልሶ ሽቅብ ለመውጣት 4 ሰዓት። ከወንጪ አምቦ 1 ሰዓት። ከአምቦ አስኮ 3 ሰዓት። ድምሩ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ምሳና ነዳጅ አንድ ሰዓት ጨምሩበት፤ 13 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

የቀኑ ብርሃን ስንት ነው? እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ ክረምትም ሆነ በጋ የቀኑ ርዝመት 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አመሻሹም አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጨልማል። ስለዚህ ይህ ጉዞ ገና ጎማ ሳይተነፍስ፣ ገና ዝናብ ሳይጥል፣ ገና ወረቀት ላይ ሳለ በጨለማ የሚጠናቀቅ ጉዞ ነው። በአንድ ቀን አይሆንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለሁለት ይከፈል። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ 3 ሰዓት ገደማ፣ ከአየር ጤና ተነሥቶ ወሊሶ ማደር። እሑድ ንጋት 12 ሰዓት ከወሊሶ መነሣት፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወንጪ መድረስ፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ከወንጪ መውጣት፤ 6 ሰዓት ተኩል ላይ አምቦ ምሳ መብላት፤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥቶ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አስኮ መግባት። ከመጨለሙ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ይተርፋል። ይህ ትርፍ ሰዓት የሰነፍ ሰዓት አይደለም። ለተነፈሰ ጎማ፣ ለተዘጋ መንገድ፣ ለጠፋ ቁልፍ የተቀመጠ መጠባበቂያ ነው። መጠባበቂያ የሌለው ዕቅድ ምኞት እንጂ ዕቅድ አይባልም።

በወሊሶ በኩል መጀመርን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በደጋው ላይ ደመናና ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ዳገቱና ሐይቁ በጠዋት መጠናቀቅ አለባቸው። ደግሞም የምዕራብ አዲስ አበባ ነዋሪ አንድ ጸጋ አለው፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ ሲሄድ ፀሐይ ከኋላው ናት፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ ሲመለስም ፀሐይ ከኋላው ናት። ዓይኑን ፀሐይ የማይመታው ሾፌር በመንገዱ ዳር ያለውን ሕፃን አስቀድሞ ያያል።

ዘጠኝ ደቂቃ

አሁን ያልኋችሁን ምሽት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ይህንኑ ዙሪያ ከጓደኞቼ ጋር በአንድ ቀን ለመጨረስ ተነሣን። የወጣነው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። ወንጪ የደረስነው ከቀትር በኋላ፣ አምቦን የለቀቅነው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። መሪውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ሰዓቱን ለመካስ ፈጠንሁ። ጊንጪን አልፈን ጨለመ። ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ረጅም መብራቱን አላወረደም፤ ለጥቂት ቅጽበት ምንም አላየሁም። መኪናው ሲያልፍ ከፊታችን ጭድ የጫኑ ሁለት አህዮችና አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ቆመው ነበር። ፍሬኑን ረገጥሁ። መኪናው በመካከላችን ሁለት ክንድ ያህል ሲቀር ቆመ። ልጁ ቆቡን አውልቆ በአፋን ኦሮሞ ይቅርታ ጠየቀን። እሱ እኛን።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት። እናንተም አብራችሁኝ ሥሩት። 60 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብንነዳ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ100 ብንነዳ 36 ደቂቃ። ያተረፍነው 9 ደቂቃ ነው።

ዋጋውስ? ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል እንበል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ጎማውም ደኅና ይሁን። በ80 የሚሄድ መኪና እስኪቆም 58 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ100 የሚሄደው 84 ሜትር ያህል። ልዩነቱ 26 ሜትር ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው መኪና ሙሉ በሙሉ በቆመበት በ58ኛው ሜትር ላይ፣ ሁለተኛው መኪና ገና በሰዓት 68 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ምክንያቱም የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሳይሆን ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው። ፍጥነታችንን በሩብ ስናሳድግ፣ ፍሬኑ ማጥፋት ያለበት ጉልበት ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

በዚያ ምሽት እኔን የጠበቀኝ ችሎታዬ አልነበረም፤ ዕድል ነበር። በአገራችን በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል ትልቁን ድርሻ የሚይዙት እግረኞች ናቸው። የኔ ስሕተት ደግሞ የተፈጸመው ጨለማው ውስጥ አልነበረም፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ቁርሴን ተረጋግቼ ስበላ ነው የተፈጸመው። ማታ የምንፈጥነው ጠዋት ስለዘገየን ነው።

ወቅቱና ቀኑ

ሁለተኛው የዕቅድ ጥያቄ መቼ የሚለው ነው። ለዓይን የሚያምረው ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። በመስከረም አደይ አበባው ሜዳውን ያለብሰዋል፤ በጥቅምት ጤፉ ለምልሞ በነፋስ ይናወጣል፤ በኅዳር አዝመራው ይደርሳል። ከጥር በኋላ አገሩ ይደርቃል፤ አቧራውም ይበዛል። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ሐይቁን ይሸፍነዋል፤ ወደ ሐይቁ የሚወስደው ቁልቁለትም ይንሸራተታል።

ይሁን እንጂ የቀን መቁጠሪያው የመልክዓ ምድር ብቻ አይደለም፤ የሰውም ነው። በመስቀል ሰሞን ከአየር ጤና ወደ ወልቂጤ የሚወስደው መንገድ ወደ አገሩ በሚገባው የጉራጌ ሕዝብ ይሞላል፤ ይህን ለኮልፌ ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በኢሬቻ ሰሞን ደግሞ ወደ ከተማችን የሚያስገቡት መንገዶች ይጨናነቃሉ። በገበያ ቀን መንገዱ የሰው፣ የአህያና የጋሪ ነው። እነዚህን ቀኖች መንገዱን የሚዘጉ እንቅፋቶች አድርጎ የሚያያቸው ሰው አለ። ጊዜ ይዞ ለመጣ ሰው ግን ገበያው ራሱ የጉዞው ዋነኛ ክፍል ነው፤ ለቸኮለ ሰው ብቻ ነው እንቅፋት የሚሆነው።

ተሽከርካሪውና ከፍታው

ሦስተኛው መኪናው ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነው። ከወሊሶ ወደ ወንጪ አፋፍ ስንወጣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል እንጨምራለን። አምስት ሰው ከነጓዙ የጫነች ትንሽ መኪና ዳገቱ ላይ መድከሟን አስቀድመን ካወቅን ማርሹን ቀንሰን በትዕግሥት እንወጣለን። ቁልቁለቱ ግን ከዳገቱ ይብሳል። ከወንጪ ወደ አምቦ ስንወርድ ፍሬን ላይ ተደግፎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። ደንቡ ቀላል ነው፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ።

የአየሩም ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ በወሊሶ ሸሚዝ የበቃው ሰው በወንጪ ጋቢ ይፈልጋል።

ከመነሣት አንድ ቀን በፊት የሚታዩትን ልዘርዝር፦ የጎማ አየርና የስኮርታው ደኅንነት፣ ክሪክና የጎማ መፍቻ፣ የፍሬን ሸራ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የሞተር ዘይት፣ መብራቶች፣ የዝናብ መጥረጊያ። ስኮርታው መኖሩን ማየት አይበቃም፤ አየር እንዳለው ይፈተሽ። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን መድን ይያዙ። ነዳጅ ከዋዜማው ይሞላ፤ ማደያ አለ ማለት ነዳጅ አለ ማለት አይደለም። በስልክ ገንዘብ መክፈል ቢቻልም ኔትወርክ በማይደርስበት ገደል ዳር የሚያገለግለው በእጅ ያለ ብር ነው።

የመንገዱ ባለቤቶች

ቀደም ብዬ መንገዱ መኪናን እንደቀደመው ተናግሬ ነበር። ከዚህ የሚከተል ሥነ ምግባር አለ። እኛ መልክዓ ምድር ብለን የምናደንቀው ነገር ለሌላው ሰው ማሳው፣ አውድማው፣ የልጁ የትምህርት ቤት መንገድ ነው።

አንድ ምሳሌ ላንሣ። በገጠር መንገድ ላይ ያለፈ ሁሉ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የሚሮጡ ሕፃናትን ያውቃል። የሚጠይቁት ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ነው፤ ውሃና ወተት መያዣ ይሆናቸዋል። ከሚሄድ መኪና መስኮት ፕላስቲክ ወይም ከረሜላ የሚወረውር ሰው ደግ የሠራ ይመስለዋል። በተግባር ግን ያስተማራቸው መኪና ሲያዩ ወደ አስፋልቱ እንዲሮጡ ነው። ከእኛ ኋላ የሚመጣው መኪና በስንት እንደሚበርር አናውቅም። መስጠት የፈለገ ሰው መኪናውን ከመንገዱ አውጥቶ ያቁም፤ ይውረድ፤ ሰላምታ ይስጥ፤ በእጁ ይስጥ። «አካም» እና «ገለቶማ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለመያዝ የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልግም።

በወንጪ የአካባቢው ነዋሪዎች ተደራጅተው ፈረስና ጀልባ ያከራያሉ፤ መንገድም ይመራሉ። ዋጋን በጽሑፍ ከተለጠፈው መጠየቅ፣ ተስማምቶ መክፈል፣ ፎቶግራፍ ከማንሣት በፊት ማስፈቀድ ተራ ጨዋነት ነው። በበጀታችሁ ውስጥ ከነዳጁ እኩል ለአስጎብኚውና ለፈረሰኛው የሚከፈለውን አስቀምጡ። ተጓዥ ትቶት የሚሄደው አቧራ ብቻ ከሆነ መንገዱ ለባለቤቱ ምን ጠቀመው?

አለመሄድም ዕቅድ ነው

የመጨረሻው ነጥቤ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ሸዋና በዙሪያው የጸጥታ ችግር እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ይህን ሳያነሡ ስለዚህ ጉዞ መናገር አድማጭን ማታለል ነው። ስለዚህ ማንኛውም ዕቅድ ከመነሻው ዋዜማ ላይ አንድ ጥያቄ ይኑረው፦ መንገዱ ሰላም ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልሱት ካርታም ሆነ የእኔ ንግግር አይደሉም። በአየር ጤናና በአስኮ መናኸሪያ መንገዱን በየቀኑ የሚመላለሱትን ሾፌሮች ጠይቁ፤ በምታድሩበት ከተማ ያሉ ሰዎችን ደውላችሁ ጠይቁ፤ የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ። ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ካልሰጡ አትሂዱ።

አለመሄድ ደግሞ ቤት መቀመጥ ማለት አይደለም። ጥሩ ዕቅድ ከጎኑ አጭር ዕቅድ አለው። በወጨጫ ተራራ ላይ የሚገኘው የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉበት ይነገራል። ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የመልካ ቁንጡሬ የቅድመ ታሪክ ስፍራ፣ የአዳዲ ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም ከ1980 ጀምሮ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ። እነዚህ በአንድ ቀን ብርሃን ተሄዶ የሚመለሱባቸው ናቸው። ጥያቄው ግን ለእነሱም ያው ነው፤ ጠይቆ መነሣት።

ከታዳሚዎች ከተነሡ ጥያቄዎች

*ጥያቄ፦* መምህር፣ እናመሰግናለን። እኛ ተማሪዎች መኪና የለንም። ይህ ሁሉ ዕቅድ ለባለ መኪና ብቻ የተነገረ አይመስልም?

*መልስ፦* ተገቢ ጥያቄ ነው። እንዲያውም ይህን ዙሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጓዝሁት ተማሪ ሳለሁ በሕዝብ ማመላለሻ ነው። ከአየር ጤና መናኸሪያ ወሊሶ፣ ከወሊሶ ወንጪ፣ ከወንጪ አምቦ፣ ከአምቦ አስኮ። ልዩነቱ የሰዓት ሒሳቡን የምትቆጣጠረው አንተ ሳትሆን መኪናው እስኪሞላ የሚጠብቀው ረዳት መሆኑ ነው። ስለዚህ በየመናኸሪያው አንድ ሰዓት ጨምር፤ ከወንጪ የሚወርደው የመጨረሻው መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠዋት እንደደረስህ ጠይቅ፤ ሁለት ሌሊት ያዝ። ደግሞ ተሳፋሪም መብት አለው። ሾፌሩ ሲበርር «ቀስ በል ወንድሜ፤ አንቸኩልም» ማለት ነውር አይደለም። ከኋላ ወንበር የተነገረች አንዲት ቃል ሕይወት ታድናለች።

*ጥያቄ፦* ጉዞን ይህን ያህል ካሰላነው ደስታው አይጠፋም ወይ?

*መልስ፦* ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ደስታውን የሚያጠፋው ስሌት ሳይሆን ጥድፊያ ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ ያንኑ ዙሪያ በሁለት ቀን ተጉዤዋለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ስለ በቾ ሜዳ የማስታውሰው ነገር አልነበረም፤ ሰዓቴን ነበር የማየው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ከተፍኪ አለፍ ብለን ቆመን አንድ ገበሬ ሽምብራ ሲዘራ አየን፤ ውሃው ከማሳው የሸሸው መቼ እንደሆነ፣ አፈሩ እርጥበቱን እስከ መቼ እንደሚይዝ አስረዳን። የቆምነው ግማሽ ሰዓት ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ግን ከሰማይ አልወረደልንም፤ ከሳምንት በፊት በወረቀት ላይ አስቀምጠነው ነበር። የሚታቀደው ደስታው ሳይሆን ደስታው የሚመጣበት ጊዜ ነው።